መፍቻውም አብሮ ይምጣ
(በማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ በዓል ላይ፣ ካራ፣ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንደምናገር ጠብቆ ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና ዛሬ የምናገረው ስለ መኪና ጎማ ዳዶ ነው። አትሳቁ፤ መጨረሻው ላይ ሆስፒታል እንደርሳለን። ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ስትገቡ በር ላይ ያያችኋት ቀይ ስፖርት መኪና ብዙዎቻችሁን ፎቶ አስነስታለች። የማኅበራችን አባል የሆነ ወንድማችን ውጭ አገር ሳለ በትርፍ ሰዓቱ የገጣጠማት ናት። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎችን ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከመከልከሉ በፊት ወደ አገር ቤት አመጣት፤ አሁን ደግሞ ለሠርግ እየተከራየች ገቢዋ ለማኅበሩ እንዲሆን ሰጥቶናል። እግዚአብሔር ይስጥልን። መኪናዋ ቅጂ ናት። ዋናው ኤሲ ኮብራ የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ካሮል ሼልቢ የተባለው አሜሪካዊ በቀላሉ የእንግሊዝ መኪና ላይ ትልቅ የፎርድ ሞተር ጭኖ ያወጣው ነው። በጊዜው የተሠራው 1,000 ገደማ ብቻ በመሆኑ ዛሬ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ በየአገሩ ሰዎች ቅጂውን ይገጣጥማሉ።

የእናንተ መኪና ጎማ በአራት ወይም በአምስት ዳዶ ነው የሚታሰረው። የዚህችኛዋ ግን በእያንዳንዱ ጎማ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ አለው፤ ዳዶውም ሁለት ወይም ሦስት ጆሮ አውጥቷል። በመዶሻ ጆሮውን እየመቱ ይፈቱታል፣ እየመቱ ያጠብቁታል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ፈረንጆቹ ኖክ-ኦፍ ይሉታል፣ መትቶ ማውለቂያ እንደ ማለት። ስፒነርም ይባላል። እኔ ባለጆሮው ዳዶ እለዋለሁ።

ይህ አሠራር የወጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ሩጅ ዊትወርዝ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ባለጥርስ እምብርትና አንድ የመሐል ዳዶ ያለው፣ ቶሎ የሚወልቅ ቸርኬ ለገበያ አቀረበ። ዘመኑ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1900 ዓ.ም. ጋር ይቀራረባል። በዚያ ዘመን መንገዱ ሁሉ ሚስማርና ጠጠር ነበር፤ ጎማ በየሰዓቱ ይተነፍስ ነበር። ተወዳዳሪ ደግሞ አምስት ዳዶ ለመፍታት ጊዜ የለውም። አንድ ዳዶ፣ ጥቂት ምት፣ ጎማው ወጣ፣ ሌላው ገባ፣ መኪናው ሄደ።

እንዴት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። እዚሁ ካራ ነው ያደግሁት። (ካራ ቆሬ አይደለም፤ በታክሲ ተሳስታችሁ ወደዚያኛው የሄዳችሁ ሦስት ሰዎች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ።) አባቴ በደሴ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። ከኮተቤ የሚወጣው የጭነት መኪና ወደ ለገጣፎ፣ ለገዳዲና ሰንዳፋ ከመሻገሩ በፊት ነፋስ የሚሞላበትና ጎማ የሚያስፈትሽበት ቦታ ይህ ነበር። ቤታችን ውስጥ ከሕክምና ላቲን በፊት የተማርኩት የጋራዥ ጣሊያንኛ ነው፦ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ዳዶ። አናቶሚ ክፍል የመጀመሪያ ቀን ስንገባ ጓደኞቼ በባዕድ ቃል ብዛት ሲደነግጡ እኔ አልደነገጥኩም። ሰው የሚነካውን ነገር ስም ቶሎ እንደሚለምድ ከአባቴ ሱቅ አውቄ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናዋን ለሠርግ የምታንቀሳቅሱ ወንድሞች በደንብ ስሙኝ።

መጀመሪያ ዳዶው እውነተኛ መሆኑን እወቁ። በአንዳንድ ቅጂ መኪና ላይ ጆሮው ጌጥ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የተለመዱት አምስት ዳዶዎች አሉ። ጌጥ የሆነውን በመዶሻ ብትመቱት ትሰብሩታላችሁ። እውነተኛውን እንደ ጌጥ ቆጥራችሁ ብትተዉት ደግሞ የባሰ ነው። የእኛዋ እውነተኛ ናት።

ሁለተኛ፣ አቅጣጫውን እወቁ። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ዳዶዎች እንደ ማንኛውም ዳዶ ከሰዓት ተቃራኒ ሲዞሩ ይፈታሉ። በቀኝ በኩል ያሉት ግን ጥርሳቸው ግራ ስለሆነ የሚፈቱት በሰዓት አቅጣጫ ሲዞሩ ነው። ይህን በቃል መያዝ ካስቸገራችሁ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ በሁለቱም ጎን ለመፍታት ከላይ ያለውን ጆሮ ወደ መኪናዋ አፍንጫ ምቱ፤ ለማጥበቅ ወደ ኋላዋ ምቱ። ያም ሆኖ በቅጂ መኪና ላይ እምብርቱን የሚገጥመው ባለቤቱ ስለሆነ፣ ከመምታታችሁ በፊት ዳዶው ላይ የተቀረጸ ቀስት መኖሩን ተመልከቱ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰፊ ቀለበት ውስጥ ጣታችሁን አስገብታችሁ ብታዞሩ ቀለበቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በጣታችሁ ላይ እየተንከባለለ ቀስ በቀስ ቦታውን ይለውጣል። ጎማም ክብደት ተሸክሞ ሲዞር ዳዶውን በዚህ ዓይነት በጣም በጥቂቱ ይገፋዋል። ግፊቱን ማስቀረት ስለማይቻል፣ መሐንዲሶቹ ጥርሱን ግፊቱ ዳዶውን በሚያጠብቅበት አቅጣጫ ቀረጹት። የቀኙን እምብርት ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ የገጠመ ሰው ግን መኪናዋ በሄደች ቁጥር ዳዶውን የሚፈታ መሣሪያ ሠራ ማለት ነው። ስለዚህ እምብርት ከተፈታ ግራውና ቀኙ ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ።

የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። አንዳንድ የጃፓን የጭነት መኪናዎች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የድሮ አይሱዙዎች፣ የግራ ጎማቸው ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው። ከባለጆሮው ጋር ስታስተያዩት አቅጣጫው የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። አዲስ የተቀጠረ ልጅ በልማዱ ወደ ግራ ይጎትታል፤ አልፈታ ሲለው መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ይቆምበታል፤ ብሎኑ ቀጭ ይላል። አባቴ ታዲያ ለአዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያው ትምህርቱ ብሎኑ ጫፍ ላይ ያለውን ፊደል ማንበብ ነበር። ጉልበት ከመጠቀም በፊት ምልክቱን አንብብ ይል ነበር።

ሦስተኛ፣ አወላለቁ። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ታኮ አድርጉ። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ዳዶውን ጥቂት አላሉት፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ፣ በእጅ ጨርሱት። መዶሻው የመዳብ ወይም የጥሬ ቆዳ ይሁን። ብረት በብረት አይመታም፤ ጆሮው ይጎዳል፣ ስባሪውም ዓይን ውስጥ ይገባል። የዓይን ሐኪሞቻችን ይህን ከእኔ በላይ ይነግሯችኋል። የተሻለ ካጣችሁ በመሐሉ እንጨት አስገቡ። በአንዳንድ አገር የእርሳስ መዶሻ ይጠቀማሉ፤ ለዳዶው ለስላሳ ነው፣ ለሰው ግን እርሳስ መርዝ ነው። ካለን በጓንት ይያዝ፣ ከሥራ በኋላ እጅ ይታጠብ፣ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ይራቅ።

አራተኛ፣ አገጣጠሙና እንክብካቤው። የእምብርቱን ጥርስና የዳዶውን መቀመጫ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። አሸዋ አንድ ቅንጣት ብትቀር ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። ስስ ግራሶ ቀቡ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ አጥብቁ፤ መሐሉን የሚያገኘው ያኔ ነው። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ከዚያ አውርዳችሁ እንደገና ሞክሩት። መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፏት ከእምብርቱ ‹ቋ› የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጥርሱ ተበልቷል፤ ሠርጉ በሌላ መኪና ይሁን። በመጨረሻም ዋናው፦ ከ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ቆማችሁ እንደገና ፈትሹ።

ይህ የመጨረሻው ለሁላችሁም ነው፤ ኮሮላ ለምትነዱትም፣ የልጆቻችሁ ሚኒባስ ውስጥ ለምታሳፍሩትም። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ዳዶው እንደገና መጥበቅ አለበት። ምክንያቱም ሲታሰር በመሐል የነበረ ዝገት፣ አቧራ ወይም ቀለም እየተጨፈለቀ ይሄዳል። እኛ አገር ደግሞ የጭነት መኪና ቸርኬ ቀለም መቀባት እንወዳለን፤ ዳዶው የሚቀመጥበት ላይ ወፍራም ቀለም ካለ ዛሬ የታሰረው ነገ ላላ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ እምብርቱም ይደርሳል። የላላ ዳዶ በሜዳ ላይ ይታገሥ ይሆናል፤ እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን አይታገሥም። አባቴ ጎማ ለፈታለት ሾፌር ሁሉ ‹ሰንዳፋ ስትደርስ ውረድና እየው› ይል ነበር። ሰንዳፋ ላይ ሌላ ጎሚስታ ገንዘቡን ይወስድበታል እያሉ የሚያሾፉበት ነበሩ። እሱ ግን መናገሩን አላቆመም።

የባለጆሮው ዳዶ ታሪክ ላይ አንድ የሕክምና ነገር ልጨምር። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወጣ የደኅንነት ደንብ ክንፍ ያወጣ የጎማ ዳዶና ክዳን በመኪና ላይ እንዳይገጠም ከለከለች። ወደ ውጭ የወጣው ጆሮ እግረኛንና ብስክሌተኛን ስለሚይዝ ነው። ፋብሪካዎቹ ጆሮውን ቆርጠው ስምንት ማዕዘን ያለው ለስላሳ ዳዶ አወጡ፤ የሚፈታውም በልዩ መፍቻ ሆነ። ድንገተኛ ክፍል የሠራችሁ ሁሉ ቁም ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። የሚዞር ብረት ከእግር ቁመት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ስለዚህ ሙሽሮችና ሚዜዎች ሲከቧት መኪናዋ ትቁም፤ ልጆች ጎማው አጠገብ እያሉ አትንቀሳቀስ። የሙሽራዋ ቬል ደግሞ ረጅም ነው።

አሁን ሆስፒታል ደረስን።

ይህች መኪና አገር ቤት ስትገባ መዶሻው አብሯት አልመጣም ነበር። ወንድማችን ሻንጣው ውስጥ ሊከተው ሲል ከባድ ነው ብለው አስቀሩት። አንድ የመዳብ መዶሻ እስኪገኝ ድረስ መኪናዋ አንድ ጎማዋ ተንፍሶ ለወራት ቆማለች። ስትሰሙት ያስቃል። እኔ ግን ስሰማ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው።

በአንድ የክልል ሆስፒታል ስሠራ ከውጭ በስጦታ የመጣ የማደንዘዣ ማሽን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። ማሽኑ የተሠራው ለ110 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ትራንስፎርመር አብሮ አልመጣም። መመሪያው እኛ ማንበብ በማንችለው ቋንቋ ነበር። ትራንስፎርመሩ ሲገኝ ደግሞ አንዲት የላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቃ ተገኘች፤ ለሷ የሚሆን መለዋወጫ ግን አገር ውስጥ የለም። ማሽኑ ርክክብ ሲደረግ ሪባን ተቆርጦለታል፣ ፎቶ ተነሥቷል፣ ግድግዳ ላይም ተሰቅሏል። እናቶች ግን ለቀዶ ሕክምና በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ መላካቸው አልቀረም። ከነሱ መካከል መንገድ ላይ የጠፉብን አሉ። ይህን የምናገረው የማንንም ልግስና ለመንቀፍ አይደለም። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ሰጪም ተቀባይም ሆነን እናውቀዋለን።

የኦክሲጅን ማምረቻ ማሽኖችን ተመልከቱ። የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ ማሽኑ መጮኹንና መብራቱን ማብራቱን አያቋርጥም፤ የሚሰጠው ኦክሲጅን ግን ይቀንሳል። የላላ ዳዶም እንዲሁ ነው። ከውጭ ሲታይ ጎማው በቦታው አለ። የሚለየው ቆሞ የነካው ሰው ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥባቸው ሦስት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ማኅበራችን ለየትኛውም ጤና ተቋም መሣሪያ ሲልክ፣ መፍቻው፣ መመሪያው፣ ለ220 ቮልት የሚሆነው ነገርና ቶሎ የሚያልቁት መለዋወጫዎች አብረው ካልተሟሉ አይላክ። ተቀባዩ ሆስፒታልም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የሚፈልገው እሱ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ከምንሰበስበው ከ10 ብር 1 ብር ለጥገና ይቀመጥ። ይህን አንዳንድ ታላላቆቻችን ተቃውመውታል። ጋሼ የምንላቸው አንድ መምህራችን በስልክ ‹ልጄ፣ ሰው ለአዲስ ማሽን ነው ገንዘብ የሚያወጣው፤ ለማጣሪያና ለላስቲክ ማን ይሰጣል?› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማጣሪያ አጠገብ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ የለም። እኛ ግን ሐኪሞች ነን። ለታካሚያችን መድኃኒት አዝዘን የክትትል ቀጠሮ ካልሰጠን ሥራውን በግማሽ እንደተውነው እናውቃለን። ለለጋሹ ይህንን ልንነግረው የምንችል ሰዎች ካለን እኛ ነን። 1 ብሩ 9ኙን እንደሚያድን ብናስረዳው ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ የሰንዳፋ ደንብ እንዲኖረን ነው። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ካልወደዳችሁት ቀይሩት። አንድ መሣሪያ ተተክሎ በአንድ ወሩ ከማኅበራችን አንድ ሰው ሄዶ ይየው። ይሠራል? ማን ያሠራዋል? ምን ጎደለ? አንድ ገጽ ተጽፎ ይምጣ። በየክልሉ አባላት ስላሉን መኪና መላክ እንኳ አያስፈልግም። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጡ የባዮሜዲካል መሐንዲሶችም አሉ፤ ብዙዎቹ መሥራት እየፈለጉ የሚጠራቸው ያጡ ናቸው።

ይህ ከበደን የሚል ካለ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቻችንን ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር 19 ነጥቦች ብቻ ያሉት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የታካሚው ስም ይጠራ፣ የሚቀደደው ቦታ ይረጋገጥ፣ መሣሪያና ፋሻ ይቆጠር ይላል። ሲወጣ ብዙ ትልልቅ ሐኪሞች ‹ይህንን እኮ እናውቀዋለን› ብለው ነበር። ማወቁ ላይ ችግር አልነበረም። ችግሩ ያወቅነውን በየቀኑ፣ ሲደክመንም፣ ሲመሽም መፈተሹ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የወላጆቻችን ምክር የተነገረው እሳት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አይደለም።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። እናንተ ፈትሸን እንድንፈርም አስተምራችሁናል። ዛሬ የምታስተምሯቸው ልጆች ደግሞ ከእኛ የበለጠ ማሽን ይጠብቃቸዋል። አንድ የኢንተርን ዙር ውስጥ ግማሽ ቀን ብቻ ከሆስፒታሉ የጥገና ክፍል ጋር ይዋሉ። ማጣሪያ ይጠቡ፣ ቱቦ ይቀይሩ፣ ቴክኒሻኑን በስሙ ይወቁት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑ ዝም ሲል የሚደውሉለትን ሰው ያውቃሉ ማለት ነው።

ነገ ጠዋት ደግሞ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን የምንሄድ ስላለን፣ ከምሳ በኋላ እዚሁ ግቢ አንድ የካራ ጎሚስታ ይመጣል። የሁላችሁንም ጎማ ያያል፤ ክፍያውን ማኅበሩ ሸፍኗል። የባለጆሮውንም ዳዶ አወላለቅ ያሳያል። ነጭ የለበሳችሁ ራቅ በሉ። የመዳብ መዶሻውን ደግሞ ማንም እንዳያነሣብኝ፤ በቁጥር ተመዝግቧል።